የደጅ ማስጫ ወይስ የኤሌክትሪክ ማድረቂያ፦ ለሰሜን ሸዋ ገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

ልብስን በደጅ ማስጣትና በኤሌክትሪክ ማድረቂያ ማድረቅ ሲነጻጸሩ አብዛኛው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የመብራት ሒሳቡን ነው። በሰሜን ሸዋ ግን ከሒሳቡ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ገዢው የሚኖረው በየትኛው ከፍታ ላይ ነው የሚለው ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው፣ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ደጋ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቆላ ይደርሳል። በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ ጠዋት የተሰጣ ጋቢ በአንደኛው ቦታ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠርዙ እርጥብ ሆኖ ሊቆይ፣ በሌላው ደግሞ ከምሳ በፊት ታጥፎ ሊቀመጥ ይችላል።

ለሸዋ ሮቢት፣ ለአጣዬና ለአረርቲ ነዋሪ ነገሩ አጭር ነው። በእነዚህ ሞቃት ቦታዎች በክረምትም ቢሆን በዝናብ መካከል የምትወጣው ፀሐይ ቀለል ያለ ልብስ ለማድረቅ ትበቃለች፤ ለቤተሰብ ፍጆታ ማድረቂያ ማሽን ለመግዛት የሚያበቃ ምክንያት ማግኘት ያስቸግራል። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት የተጻፈው ለደብረ ብርሃን፣ ለአንኮበር፣ ለመሐል ሜዳና በአጠቃላይ ለደጋው ሰው ነው።

በደጋው የበጋ ወራት ከሚታሰበው በላይ ለማስጣት የተመቹ ናቸው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቅዝቃዜው ልብስ የማይደርቅ ቢያስመስልም፣ ልብስን የሚያደርቀው ሙቀት ብቻ ሳይሆን የአየሩ ደረቅነትና የነፋሱ እንቅስቃሴ ጭምር ስለሆነ፣ በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት የተሰጣ ሸሚዝ ከሰዓት በኋላ ደርቆ ይገኛል። ችግር የሚፈጥረው ሌሊቱ ነው። ልብሱ ሳይደርቅ መሽቶ ደጅ ካደረ ጤዛው እንደገና ያረጥበዋል፤ ውርጭ በሚወርድባቸው ሌሊቶች ደግሞ እንደ ጣውላ ደርቆ ያድራል፣ ነገር ግን ያጠነከረው በረዶ እንጂ ድርቀት አይደለም። ስለሆነም በበጋ ልብስ በጊዜ አጥቦ ከ10 ሰዓት ገደማ በኋላ ወደ ቤት የሚያስገባ ቤተሰብ ማሽን አያስፈልገውም ማለት ይቻላል። አቧራው ግን እውነተኛ ጉዳት ነው፤ ጥርጊያ መንገድ ዳር ያለ ግቢ ነጭ ልብስ የሚሰጣ ሰው ከማስጫው ቦታ መጀመር አለበት።

ክረምቱ ሌላ ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መግቢያ ድረስ፣ በአንኮበርና በጣርማ በር አካባቢ ደግሞ ጉሙ ከቆላው እየተነሳ በሚሸፍንባቸው ሌሎች ቀናትም ጭምር፣ አየሩ ራሱ በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ የተሰጣው ልብስ ውኃውን የሚሰጥበት ቦታ ያጣል። የበልግ ዝናብ የሚያገኙ ወረዳዎችም በየካቲትና በመጋቢት ተመሳሳይ ችግር ይገጥማቸዋል። እንግዲህ የማድረቂያ ማሽን ጥቅም መመዘን ያለበት ከዓመቱ ውስጥ በእነዚህ ወራት ብቻ ነው፤ ገዢው የሚከፍለው ለአሥራ ሁለት ወር ነው፣ የሚጠቀምበት ግን ለሦስት ወይም ለአራት ወር ነው።

ወደ ግዢው ሲገባ መጀመሪያ መለየት ያለበት አንድ ነገር አለ። በሱቆች ውስጥ «ማድረቂያ ያለው» ተብለው ከሚሸጡት ማሽኖች ብዙዎቹ ሁለት ገንዳ ያላቸው ማጠቢያዎች ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ገንዳ ልብሱን በፍጥነት እያሽከረከረ ውኃውን ከመጭመቅ በቀር ምንም አያሞቅም። ይህን ያወቀ ገዢ ተታለልኩ ብሎ ሊያዝን ይችላል፤ በእኔ ግምት ግን ለአብዛኛው የደጋ ቤተሰብ ገንዘቡ መዋል ያለበት በትክክል እዚሁ ላይ ነው።

ምክንያቱ የውኃው መጠን ነው። 6 ኪሎ ግራም ደረቅ የጥጥ ልብስ ታጥቦ በእጅ ሲጨመቅ፣ እንደ ጨማቂው ጉልበት ቢለያይም፣ 5 ሊትር ያህል ውኃ ይዞ ይቀራል። በደቂቃ 1,000 ጊዜ የሚሽከረከር ማሽን ሲጨምቀው የሚቀረው ወደ 3 ሊትር ተኩል፣ በደቂቃ 1,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሲጨምቀው ደግሞ ወደ 3 ሊትር ይወርዳል። አንድ ሊትር ውኃ በሙቀት ለማትነን ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ ከ0.6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኃይል ይጠይቃል፤ ያንኑ ሊትር በማሽከርከር አስወጥቶ ለመጣል የሚፈጀው ግን የዚህን ጥቂት ክፍልፋይ ብቻ ነው። በደንብ የተጨመቀ ልብስ በክረምት በረንዳ ላይ ተሰጥቶ ሁለት ቀን የነበረውን ወደ አንድ ቀን ሊያሳጥር ይችላል። በኋላ ማድረቂያ ለሚገዛም ሰው ጭመቃው ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ውኃ የሚያንጠባጥብ ልብስ ማድረቂያ ውስጥ መክተትን የአምራቾች መመሪያ ይከለክላል።

እውነተኛዎቹ ማድረቂያዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው እርጥቡን ሞቃት አየር በቱቦ ከቤት ውጭ ያስወጣል፤ ሁለተኛው እንፋሎቱን ራሱ ውስጥ አቀዝቅዞ ውኃውን በመያዣ ያጠራቅማል፤ ሦስተኛው፣ ሂት ፓምፕ የሚባለው፣ እንደ ፍሪጅ ኮምፕረሰርና ጋዝ ያለው ሲሆን አንድ ጊዜ የተጠቀመበትን ሙቀት መልሶ ይጠቀምበታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሙሉ የ7 ወይም የ8 ኪሎ ጭነት ለማድረቅ ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ሲፈልጉ፣ ሂት ፓምፕ 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ጊዜው ይረዝማል፣ የመግዣ ዋጋውም ከሦስቱ ከፍ ያለ ነው። በሳምንት 3 ጊዜ የሚያደርቅ ቤት በወር 12 ጊዜ ያህል ስለሚጠቀም፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይነቶች 54፣ በሂት ፓምፕ 24 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጨምራል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋውም ከፍ የሚል በመሆኑ፣ ገዢው ጭማሪውን ማስላት ያለበት አሁን ከሚከፍልበት እርከን ሳይሆን ጭማሪው ከሚያደርሰው እርከን ላይ ነው። በደጅ ማስጣት በዚህ በኩል ተወዳዳሪ የለውም፤ ወጪው ገመድና መቆንጠጫ ብቻ ነው።

ከወርኃዊው ክፍያ ይልቅ ብዙ ቤተሰብን የሚያስቸግረው የመስመሩ አቅም ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይጎትታል፤ ሂት ፓምፕ ያልሆነው ተራ ማድረቂያ ደግሞ ከ2 እስከ 2.7 ኪሎዋት። ምጣድ የሚችል መስመር ማድረቂያውን ይችላል፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ግን ላይችል ይችላል፤ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ማድረቂያው መቆም ይኖርበታል። በስስ ማራዘሚያ ገመድ መሰካት ፈጽሞ አይገባም፤ ገመዱ ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል። ተከራዮች አንድ ቆጣሪ በሚጋሩበት ግቢ የአንድ ክፍል ማድረቂያ የሁሉንም ሒሳብ ስለሚያዛባ፣ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ከአከራይና ከጎረቤት ጋር መነጋገር ሳይሻል አይቀርም። መብራት መሃል ላይ ሲቋረጥ ደግሞ ሞቆ ያልደረቀ ልብስ በከበሮው ውስጥ ተጨማድዶ ይቀራል፤ ቶሎ ካልወጣም መሽተት ይጀምራል።

የደጋው ከፍታ ማሽኑንም ይነካዋል፤ ይህን ሻጮች ሲያነሱት አይሰማም። በ2,800 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ማራገቢያው የሚያንቀሳቅሰው አየር ያንሳል፣ ማሞቂያውም በሚገባው ልክ ላይቀዘቅዝ ይችላል። በአንዳንድ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች መመሪያ ላይ ዕቃው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ እንዲሠራ የተዘጋጀ መሆኑ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ የደብረ ብርሃንና የመሐል ሜዳ ገዢ ይህን መስመር ፈልጎ ማንበብ ይገባዋል። ሂት ፓምፕ ደግሞ ብርድ አይወድም፤ አብዛኞቹ አምራቾች ቢያንስ 5 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል እንዲቀመጥ ያዝዛሉ። በውርጭ ሌሊት ያልተሸፈነ በረንዳ ላይ የተተከለ ማሽን ይህን አያሟላም።

የልብሱ ዓይነት ውሳኔውን ከሁሉ በላይ ሊለውጠው ይችላል። በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ጋቢ፣ ነጠላና ኩታ በማድረቂያ ውስጥ ይኮማተራሉ፤ ድርና ማጉ በመንከባለል ይላላል፣ ከክሩ የሚረግፈው ብናኝም ማጣሪያውን ቶሎ ይደፍነዋል። የመንዝ የበግ ጠጉር ባና በምንም መልኩ ወደ ማሽኑ መግባት የለበትም፤ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ሲንከባለል ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠቀጠቃል፣ ወደ ቀድሞ መጠኑም አይመለስም። ወፍራም ብርድ ልብስም ለመኖሪያ ቤት ማድረቂያ ከበሮ ይበዛበታል። እነዚህ ሁሉ የደጅ ልብሶች ናቸው፤ ጋቢ በሁለት ትይዩ ገመዶች ላይ ተዘርግቶ ነፋስ በመሃሉ እንዲያልፍ ቢደረግ ከአንድ ገመድ ላይ ከመንጠልጠል በጣም ይፈጥናል፣ ክብደቱም ስለሚከፈል ቅርጹን አያጣም።

ፀሐይም ብትሆን ጉዳት አላት። የቆዳና የቀለም ጠላት የሆነው የፀሐይ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ የደጋ ፀሐይ ባትሞቅም ቀለም ታነጣለች። ጥለት ያለው ቀሚስ ተገልብጦ በጥላ ሥር ቢሰጣ ይመረጣል። ማድረቂያ የሚመቻቸው በአንጻሩ ፎጣ፣ አንሶላ፣ ካልሲ፣ የውስጥ ልብስና የሕፃን ጨርቅ ናቸው፤ ፎጣ በተለይ ከገመድ ይልቅ ከማሽን ሲወጣ ይለሰልሳል። አንድ ቤተሰብ በክረምት የሚያጥበው በአመዛኙ ጋቢና ብርድ ልብስ ከሆነ ማድረቂያው ሥራ ፈት ሆኖ ይከርማል፤ አራስ ያለበት ቤት ከሆነ ግን ማሽኑ በየቀኑ ሥራ ይኖረዋል።

በሁለቱ መካከል ያለው ሦስተኛው አማራጭ፣ ማለትም ጣራ ያለው ማስጫ፣ ከሚገባው በታች ይታሰባል። ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ ከላይ፣ ሁለት ጎኑ ለነፋስ ክፍት፣ በላስቲክ የተሸፈነ ወይም የማይዝግ ሽቦ ከውስጥ፤ ይህ በክረምትም ልብስን ከዝናብ ጠብቆ ቀስ እያለ ያደርቃል። የዛገ ሽቦ በነጭ ልብስ ላይ የሚተወው ምልክት በበረኪና አይለቅም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። ልብስን በተዘጋ ክፍል በከሰል ማድረቅ ግን እንደ አማራጭ መቆጠር የለበትም፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰውንም በእንቅልፍ ላይ እያለ ይገድላል።

በእነዚህ ሁሉ ላይ ተመሥርቼ የምመክረው ይህን ነው። በእጅ የሚጨምቅ የደጋ ቤተሰብ መጀመሪያ ጥሩ የሚያሽከረክር ማሽን ይግዛ፣ ቀጥሎ ጣራ ያለው ማስጫ ያዘጋጅ፤ ሁለቱን አሟልቶ አንድ ክረምት ካሳለፈ በኋላ አሁንም እርጥብ ልብስ የሚከመርበት ከሆነ ስለ ሂት ፓምፕ ያስብ። በኮንዶሚኒየም ውስጥ ማስጫ ቦታ የሌለው፣ አራስ ወይም ሕመምተኛ ያለበት ቤት ቅደም ተከተሉን ሊዘል ይችላል። አንሶላ በየቀኑ የሚቀይር ሆቴል ወይም ፔንሲዮን ግን ሌላ ስሌት አለው፤ በክረምት አንሶላ ሳይደርቅለት ቀርቶ ክፍል ዘግቶ ከሚያድር ማሽኑ ዋጋውን ይመልስለታል።

ማጠቢያውም ማድረቂያውም በአንድ የሆነውን ማሽን ለሚያስቡ፦ የማድረቅ አቅሙ ከማጠብ አቅሙ ያነሰ ነው፣ ለምሳሌ 8 ኪሎ አጥቦ የሚያደርቀው 5 ኪሎ ብቻ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹም እንፋሎቱን ለማቀዝቀዝ ሲያደርቁ ጭምር ውኃ ስለሚጠቀሙ፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። የትኛውንም ዓይነት የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት የብናኝ ማጣሪያው በቀላሉ የሚወጣ መሆኑን አይቶ፣ ቺንጋና ሙቀት መቆጣጠሪያ የሚቀይርለት ባለሙያ በከተማው መኖሩን ጠይቆ፣ ሶኬቱም የመሬት ሽቦ (ኧርዝ) ያለው መሆኑን በኤሌክትሪሺያን አስፈትሾ ይግዛ። ማጣሪያው ከእያንዳንዱ ማድረቅ በኋላ መጽዳት አለበት፤ የተጠራቀመ የጥጥ ብናኝ ማድረቂያዎች እሳት ከሚያስነሱባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው።