ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው ሰፈር የሚሰጠው የነርሶች የቃለ መጠይቅ ልምምድ፦ ለሆስፒታል ይበቃል፣ ለአረጋውያን መንከባከቢያ ግን ይጎድለዋል

የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው፤ ሁለት ክፍል አለው፣ ተግባርና ጥያቄና መልስ። ተግባሩን ወደነዋል።

የደም ግፊት አለካኩን ከሥሩ ያስይዛሉ፦ ተለኪው 5 ደቂቃ አርፎ፣ ጀርባውን ተደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ ክንዱ በልብ ትክክል ሆኖ። የጎንደር ጠዋት ብርድ ስለሆነ አረጋውያን በሹራብ ላይ ጋቢ ደርበው ይቀርባሉ። ተወዳዳሪው ማስወለቅ ያፍርና ካፉን (ክንድ ላይ የሚታሰረውን የመለኪያውን ጨርቅ) በሹራቡ ላይ ይጠመጥመዋል፣ ወይም እጅጌውን ጠቅልሎ ሲሰበስብ ክንዱን ያንቀዋል። ሁለቱም ቁጥሩን ያዛባሉ፤ አንዱን እጅ ብቻ ከሹራቡ ማውጣት ይበቃል። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ካፍ ከታሰረ ግፊቱ ከእውነቱ በላይ ይነበባል፤ እዚያ ያለው ግን አንድ መጠን ካፍ ብቻ ስለሆነ ይህን በቃል ነው የሚነግሯችሁ።

የፍሉይድ (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ስሌቱም ጥሩ ነው። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት፣ መስጫው ለ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከሆነ በደቂቃ 42 ገደማ ይመጣል። 8 ሰዓቱን ወደ 480 ደቂቃ ሳይቀይር ያካፈለ ሰው 2500 አግኝቶ ይደነግጣል።

የደም ግፊትን አቁሞ መለካትን ግን ጨርሰው ዘለሉት። አረጋዊን 5 ደቂቃ አስተኝቶ መለካት፣ ከዚያ አቁሞ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ መድገም። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ እኚያ ሰው ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲነሱ ይወድቃሉ ብሎ መስጋት ነው። መንከባከቢያ ቤት የሚቀጥር ሰው ስለ መውደቅ ሳይጠይቅ አይቀርም።

ጥያቄና መልሱ ደካማ ነው። «ለምን እዚህ መሥራት ፈለግሽ?» ሲባል ሁሉም «ለሙያው ካለኝ ፍቅር የተነሳ» እንዲል ያስጠኑታል፤ ሦስተኛው ተወዳዳሪ ላይ ቀጣሪው ይነቃል። ወረቀታቸው ላይ አንድ ጥሩ ጥያቄ አለ፦ እማማ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ ዓቢይ ጾም ነው፣ «እስከ 9 ሰዓት አልቀምስም» ብለዋል፣ የጠዋት ኢንሱሊናቸው ደርሷል። የተሰጠው መልስ «ለሐኪም አሳውቃለሁ» ብቻ ነው። ለሆስፒታል ያስኬዳል፣ ሐኪሙ እዚያው ነውና። መንከባከቢያ ቤት ግን ብዙ ጊዜ በስልክ ነው የሚገኘው፤ እስኪገኝ ነርሷ ምን ታደርጋለች?

መጀመሪያ ስኳራቸውን ትለካለች። ከምግብ ጋር የሚወሰደው ኢንሱሊን ያለ ምግብ አይወጋም፤ ረጅም ሰዓት የሚሠራውን መጠን ግን በራሷ አትቀንስም፣ ደውላ ትጠይቃለች። ለቤተሰብ ትነግራለች፣ የንስሐ አባታቸውም እንዲጠሩ ታደርጋለች፤ እማማ «ለታመመ ይፈቀዳል» የሚለውን ከነርስ አፍ አይቀበሉም፣ ከቄሱ ግን ይቀበላሉ። ሁሉንም ከነሰዓቱ ቻርት ላይ ትጽፋለች። ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከወረደና ነቅተው መዋጥ ከቻሉ 15 ግራም ስኳር በውኃ በጥብጣ ትሰጣለች፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማ ትለካለች። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አይሰጥም።

ስለ ሰነድ የሚሰጡት ምክር አጭርና ትክክል ነው፦ ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሥራ ልምድ፣ ቀኑ ያላለፈበት የሙያ ፈቃድ፣ ዋናውም ኮፒውም።

«ጥያቄ አለሽ?» ስትባሉ «የለኝም» በሉ የሚለውን ምክራቸውን አትስሙ። በሌሊት ተራ ለስንት አረጋዊ ስንት ነርስ እንዳለ፣ ሐኪሙ የሚደወልለት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ አምቡላንስ ማን እንደሚጠራ ሳትጠይቁ ውል አትፈርሙ።