ለአሮጌ ዴስክቶፕ ምን ግራፊክስ ካርድ? ያገለገለው 1050 ቲአይ ወይስ አዲሱ ጂቲ 730

በየሳምንቱ አንድ ሰው ይደውልልኛል። «ያቺ ከቢሮ የወጣች ዴል አለችኝ፤ ምን ቪጂኤ ልግዛላት?» ቪጂኤ የሚሉት ግራፊክስ ካርዱን፣ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣውን ነው። ደዋዩ አንዴ የሰርግ ቪዲዮ የሚቆርጥ ጓደኛዬ ነው፣ አንዴ ባነር የሚሠራ፣ አንዴ ኳስ ጨዋታ የሚፈልግ የአክስቴ ልጅ። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ስለሆነ ጽፌው ልገላገል።

መልሴ ያገለገለ ግን እውነተኛ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው፣ ያውም ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልገው ዓይነት። ገንዘብ ካጠረ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ። በካርቶን ታሽጎ ሱቅ መስኮት ላይ የሚያብረቀርቀውን ጂቲ 730 ግን ለጠላቴም አልመክርም።

«እውነተኛ» የምለው ተቃጥዬ ስለማውቅ ነው። በ2015 ዓ.ም. አንድ ሱቅ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ፣ በ7,000 ብር አለኝ። ሌላ ቦታ 11,000 ብለውኝ ስለነበር የ4,000 ብሩ ልዩነት ዓይኔን ጋረደው። ሻጩም «ከዱባይ የገባ ነው ወንድሜ፣ ፕላስቲኩ እንኳ አልተላጠም» አለኝ። ቤት ወስጄ ስሰካው ኮምፒውተሩ ስሙን 1050 ቲአይ ብሎ አነበበው። ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ስጭን ግን ስክሪኑ ጥቁር። ፎርማት አደረግሁ፣ ጠቆረ። ራም ቀየርኩ፣ ጠቆረ። ሁለት ሳምንት ከታገልኩ በኋላ አንድ ጠጋኝ ማቀዝቀዣውን ፈታና ፔስቱን ጠርጎ ቺፑ ላይ የተጻፈውን አሳየኝ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቲኤስ 450 ነው! ባዮሱን፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ ስሙን የያዘውን ፕሮግራም፣ ቀይረው ስሙን አሳድገውለታል። ሱቁ ስመለስ «ከዚህ ሲወጣ ይሠራ ነበር፣ ደረሰኝ አለህ?» የሚል መልስ ጠበቀኝ። ደረሰኝ አልነበረኝም። በርካሹ 7,000፣ በኋላ ለትክክለኛው 11,500፣ በድምሩ 18,500 ብር ከፍዬ የአንድ ካርድ ባለቤት ሆንኩ።

ስለዚህ ስትገዙ ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። መጫን አያስፈልጋትም፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ስማቸው የተቀየረ የኤንቪዲያ (የነዚህ ቺፖች ኩባንያ) ካርዶችን ስታገኝ «ፌክ» ብላ ትጽፋለች። እውነተኛው 1050 ቲአይ 768 ኮር (ምስሉን የሚያሰሉት የቺፑ ክፍሎች)፣ ሚሞሪው ደግሞ 128 ቢት ጂዲዲአር5 ነው። ፕሮግራሙን ከመክፈታችሁ በፊትም ጀርባውን እዩ። የዚህ ካርድ ቺፕ አናሎግ ምስል አያወጣም፤ ሰማያዊው የቪጂኤ ቀዳዳ ካለው ጥርጣሬያችሁን ከዚያ ጀምሩ። ሻጩ «እዚህ መሰኪያ የለንም» ካለ ውጡ።

ይህ ነገር ግን ለገዢም ወጪ አለው። ሞኒተራችሁ ቪጂኤ ብቻ ከሆነ ለ1050 ቲአይ ኤችዲኤምአይን ወደ ቪጂኤ የሚቀይር መሣሪያ መጨመር ግድ ነው፤ ዋጋውን ከካርዱ ጋር ደምሩት። 750 ቲአይ እዚህ ላይ ይበልጣል፤ ባለ አናሎግ ዲቪአይ ከሆነ ተራ አዳፕተር ይበቃዋል። የሚወስደውም 60 ዋት ነው፤ 1050 ቲአይ 75።

ዋቱን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ከተማው ውስጥ የሞላው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 በትንሿ ቤት (ኬዝ) ከሆነ ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ 255 ዋት ነው፣ በቁመታሙ 290። ልቀይረው ብትሉ የዴል ሶኬት ከሌላው አይገጥምም። «አርኤክስ 580 የሚባለውን ካርድ በርካሽ አገኘሁ» ለምትሉኝ መልሴ ይኸው ነው፤ 185 ዋት የሚበላ ካርድ ከዚህ ጋር አይኖርም። ብዙው ደግሞ ቀንና ሌሊት ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) ሲቆፍር የኖረ ነው።

ጂቲ 730ን ለምን እንደጠላሁት ልናገር። በአንድ ስም ሦስት የተለያየ ካርድ ይሸጣል። አንዱ 96 ኮር ያለው የጥንት ቺፕ ነው፤ ሌሎቹ 384 ኮር ሆነው አንዱ በዘገምተኛው ሚሞሪ በዲዲአር3፣ አንዱ በፈጣኑ በጂዲዲአር5። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «4 ጊጋ» ብቻ ነው። ዲዲአር3 የሆነው በፕሮሰሰሩ ውስጥ በነጻ ከመጣው ግራፊክስ፣ ከኤችዲ 4600፣ ብዙም አይርቅም፤ ገንዘባችሁን ያላችሁን ነገር ደግማችሁ ገዛችሁበት ማለት ነው። ኤንቪዲያም ለባለ 384 ኮሮቹ አዲስ የጨዋታ ድራይቨር ማውጣቱን በ2021 እ.ኤ.አ. አቁሟል። የ1050 ቲአይም ቢሆን በኦክቶበር 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ የደኅንነት ማሻሻያው ግን እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ይቀጥላል።

ጂቲ 1030 ክፉ አይደለም፤ 30 ዋት ብቻ ይወስዳል። ግን በ2018 እ.ኤ.አ. ዲዲአር4 የገባበት አወጡና የሚሞሪው ፍጥነት በሰከንድ ከ48 ጊጋባይት ወደ 16.8 ወረደ፣ ስሙ ሳይቀየር። ቪዲዮ ለምትቆርጡ ደግሞ ሁለቱም የ1030 ዓይነቶች ኢንኮደር (ቪዲዮውን የሚጨምቀው ክፍል) የላቸውም፤ ኤክስፖርት ስታደርጉ ሸክሙ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። 1050 ቲአይ ኢንኮደር አለው።

ዋጋው ያናድዳል፣ አውቃለሁ። 1050 ቲአይ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 139 ዶላር ነበር፤ በወቅቱ በባንክ 22 ብር ገደማ ምንዛሪ 3,000 ብር መሆኑ ነው። ዛሬ ያገለገለውን በዚያ ዋጋ የሚሰጣችሁ ካለ ወይ ዘመድ ነው ወይ ሌባ።

«ፎቶዬ ቀለሙ ደብዝዞብኛል፣ ካርድ ልግዛ?» የምትሉ ግን ቆዩ። 16.7 ሚሊዮን ቀለም ማንኛውም ካርድ፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለውም ጭምር፣ ያወጣል። በኤችዲኤምአይ ቲቪ ወይም ሞኒተር ስትሰኩ ድራይቨሩ የቀለሙን ክልል «ሊሚትድ» ላይ አድርጎት ይሆናል፤ ያኔ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ከድራይቨሩ ማስተካከያ «ፉል» አድርጉት። ባለፈው አንድ ፎቶ አንሺ ወዳጄን በዚህች ብቻ ከመግዛት አስቀረሁት፤ ቡናም አልጋበዘኝም።

ቤታችሁ ትንሿ ዓይነት ከሆነች ደግሞ ቁመቱ አጭር የሆነውን (ሎው ፕሮፋይል) ካርድ ጠይቁ፣ ረጅሙ አይገባም። ያገለገለ አጭር ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ የምትጠፋው ካርዱን ከኬዙ ጋር የምታስረው የጀርባዋ አጭር ብረት ናት። ያለ እሷ ካርዱ ይንቀሳቀሳል፣ ኤችዲኤምአዩን በነካችሁ ቁጥር ስክሪኑ ይጠፋል። እኔ ምናለሽ ተራ ግማሽ ቀን ፈልጌ አጣኋትና ብረት ሠራተኛ ጋ በ400 ብር አስቆረጥኩ። ከሌለች ይህን ያህል ከዋጋው አስቀንሱ።