ጂፔ ላይ በእጄ የገጠምኩት ሄደር፣ ከ14 ወር በኋላ

ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ይል ነበር። ትንሽ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል። እኔም ጠፋ ብዬ አንድ ክረምት ሙሉ እንደዚያው ነዳሁት። አንድ ቀን ልጄ ከኋላ ወንበር «አባዬ፣ ጭስ ይሸተኛል» አለችኝ። በቃ፣ መኪናዋን ያን ዕለት አቆምኳት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ሽታ የለውም። ልጄን የሸተታት አብሮት የሚወጣው ጭስ ነው። እሱ ባይሸታት ኖሮስ? እስከ ዛሬ ሳስበው ይከነክነኛል።

መኪናዋ የ1998 ጂፕ ቼሮኪ ናት፤ ባለ 4.0 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር። የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። የጭስ ማኒፎልዷ፣ ማለትም ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ አንድ ቱቦ የሚያስገባው ክፍል፣ ቱቦዎቹ የሚገናኙበት ጋ ተሰንጥቆ ነበር። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲሞቅ ደግሞ ብረቱ ይለጠጥና ይገጥማል። ድምፁ የሚጠፋው ለዚህ ነው እንጂ ተሽሎት አይደለም። አንድ ጋራዥ ለመቀየር 1,100 ዶላር ጠየቀኝ። በማኒፎልዱ ቦታ የሚገባ፣ ከማይዝግ ብረት (ስቴንለስ) የተሠራ ሄደር በ340 ዶላር አዘዝኩና ደጄ ላይ ልገጥመው ተነሳሁ።

ጎረቤቴ ጋሼ አዲስ አበባ ሳሉ ዕድሜያቸውን በመካኒክነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ካርቶኑን ስከፍት መጡ። ሄደሩን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ኮፈኑን አስከፈቱኝ። «በል አስነሳ። ማርሽ አስገባና ፍሬኑን ረግጠህ ትንሽ ነዳጅ ስጠው» አሉኝ፣ ጎን ላይ ቆመው እያዩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጎሚኒው አልቋል ልጄ። ሞተሩ እየተንጋደደ ነው። ይኼን ሳትቀይር አዲስ ብትገጥም እሱም ይሰነጠቅብሃል።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ፤ በልቤ ግን ሥራ አበዙብኝ ብዬ ነበር። እውነታቸውን ነው። ጎሚኒው ሞተሩን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚይዘው ጎማ ነው። የጭስ ቱቦው ከታች ተይዟል። ሞተሩ በተወዛወዘ ቁጥር መሀል ላይ ያለው ማኒፎልድ ነው የሚታጠፈው። ሁለቱን የሞተር ጎሚኒዎች በ60 ዶላር ገዝቼ መጀመሪያ እነሱን ቀየርኩ።

አሮጌውን ማውለቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቡሎኖቹ ላይ ሦስት ምሽት ዝገት የሚያላላ ዘይት ስነፋ ከረምኩ። ከማርሚታው ቱቦ ጋር የሚያያይዙት ሁለት ዳዶዎች ግን በምንም አልፈታ ስላሉ በግራይንደር ቆረጥኳቸው። እሳት የሚረጭ ሥራ ከቤንዚን ሥራ በፊት ይለቅ። የቤንዚን መስመሩን የነካሁት ግራይንደሩ ከተቀመጠ፣ ግፊቱ ከተለቀቀና ባትሪው ከተፈታ በኋላ ነው።

ዋናው ጣጣ የመጣው ሲገጠም ነው። በዚህ ሞተር አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያወጣው ማኒፎልድ በአንድ ጎን ነው የሚቀመጡት። መጋጠሚያውን የሚደፍነው ጓርኒሲዮናቸው አንድ ነው፤ ቡሎንም ይጋራሉ። አንድ ወፍራም ሮንዴላ ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ላይ አርፎ ሁለቱንም ይጫናል። ስለዚህ የሁለቱ ፍላንጅ (ሞተሩ ላይ የሚያርፈው ጠፍጣፋ ጠርዝ) ውፍረት እኩል ካልሆነ ሮንዴላው ይጋደማል። ወፍራሙ ይጠብቃል፣ ቀጭኑ ይላላል። ውፍረት በሚለካው ካሊፐር ስለካ የአዲሱ ሄደር ፍላንጅ አንድ ሚሊሜትር ያህል አነሰ። ጋሼ ከላሜራ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ቁርጥራጮች ቆርጠው ከየሮንዴላው ሥር፣ በሄደሩ በኩል አስገቡልኝ። በ340 ዶላር ዕቃ ላይ ይኼ የእኔ ሥራ መሆን አልነበረበትም። በዚህ አሁንም ቅር ይለኛል።

ከሥር ያሉት ቡሎኖች አይታዩም፤ በጣት ዳብሶ ነው። ከመሪው ዘንግ ጀርባ ላለው ለአንዱ ብቻ 40 ደቂቃ ፈጀሁ። ሮንዴላው እየወደቀ ሲያስቸግረኝ በግሪስ ቡሎኑ ላይ አጣብቄ ነው ያስገባሁት። ከዚያ ከመሀል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር አጠበቅኩ። መጨረሻው 33 ኒውተን ሜትር ነው። በግምት አይሆንም፣ ጥብቀቱን የሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ሬንች) ተዋሱ።

ሳላስነሳው በፊት በማርሚታው ጫፍ በኩል አየር ነፋሁበትና መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ቀባሁ። የጎማ ቀዳዳ የምንፈልግበት ዘዴ ማለት ነው። አረፋ አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ቡሎኖቹን ስፈትሻቸው ግን ሦስቱ ሩብ ዙር ያህል ጠበቁልኝ። በ500 ማይል ደገምኩት።

አሁን 14 ወሩ ነው፤ ከ11,000 ማይል በላይ ነድቼዋለሁ። ብረቱ መጀመሪያ ወርቃማ፣ በኋላ ወደ ቡናማ የሚያደላ ሰማያዊ ሆኗል። ብየዳዎቹን በየዘይት ቅያሬው በባትሪ መብራት አያቸዋለሁ፤ ስንጥቅ የለም። ዘጠነኛው ወር ላይ ያቺ «ጠቅ» ተመልሳ መጣችና ደነገጥኩ። ያው ያ ከመሪው ዘንግ ጀርባ ያለው ቡሎን ላልቶ ነው። ካጠበቅኩት ወዲህ ሰምቻት አላውቅም።

ካርቶኑ ላይ ጉልበት ይጨምራል ይላል። እኔ አልተሰማኝም። የፋብሪካውም ማኒፎልድ ከቱቦ የተሠራ ስለነበር ብዙ መጠበቅም የለበትም። ቤንዚን ላይ ግን ለውጥ አለ፤ ከተማ ውስጥ በጋሎን 13 ማይል የነበረው 15 ገብቷል። ይኼም የሄደሩ ተአምር አይደለም። በስንጥቁ የውጭ አየር ሲገባ ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ሴንሰር ይሳሳታል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚን አነሰ ብሎ ይጨምራል። ስንጥቁ ሲሄድ ብክነቱም ቀረ። ሚኒሞ ላይ ረጋ ብላለች። ዓመታዊውን የደኅንነት ምርመራም አልፋለች። ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር አልነካሁትም፤ እሱን ማውለቅ በፌደራል ሕግ ክልክል ነው።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ሙቀቱ ነው። አጠገቡ ያለፈ የሽቦ መሸፈኛ በሁለተኛው ወር ቀልጦ አገኘሁት። ሽቦውን አርቄ አሰርኩና ሙቀት የሚከላከል ልባስ አለበስኩት።

ድጋሚ ብገዛ ይኼንኑ እገዛለሁ፤ ፍላንጁን ግን ገና ካርቶኑ ውስጥ ሳለ እለካዋለሁ። የእናንተ ቼሮኪ የ2000 ወይም የ2001 ከሆነ ማኒፎልዱ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ ከእኔው ጋር አንድ አይደለም። ከማዘዛችሁ በፊት ኮፈኑን ከፍታችሁ እዩ፤ ጎሚኒውንም በዚያው።