ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020፦ ኦቨርክሎክ ማድረግ ይሻላል ወይስ ፕሮሰሰሩን መቀየር?

ከቢሮ ሥራ ወጥተው ባገለገለ ዕቃ ገበያ ከሚሸጡ ዴስክቶፖች አንዱ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው። ብዙዎቹ ኮር አይ5-4590 ፕሮሰሰር ይዘው ይገኛሉ፤ ይህም ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው፣ 4 ኮር (የማስሊያ ክፍል) ያለው፣ መነሻ ፍጥነቱ 3.3 ጊጋኸርዝ ሆኖ ሥራ ሲመጣበት እስከ 3.7 የሚደርስ ነው። ፍጥነት ለመጨመር ለሚፈልግ ገዢ ሦስት መንገዶች አሉ፦ ያለውን ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ማድረግ (ከፋብሪካ ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ)፣ በዚያው ማዘርቦርድ (ክፍሎቹ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ላይ ኮር አይ7-4790 መግጠም፣ ወይም አይ7-4790ኬ ከዜድ97 ማዘርቦርድ ጋር ገዝቶ ሌላ ኮምፒውተር መገጣጠም።

የመጀመሪያው ምንም ወጪ የሌለው ስለሚመስል ብዙ ሰውን ይማርካል፤ በዚህ ማሽን ላይ ግን የሚያስገኘው የለም። የፕሮሰሰር ፍጥነት የሚገኘው 100 ሜጋኸርዝ የሆነው መነሻ ሰዓት (የሥራውን ምት የሚሰጠው ድግግሞሽ) በማባዣ ቁጥር ሲባዛ ሲሆን፣ የ4590 ማባዣ ከፋብሪካው የተቆለፈ ነው። መነሻ ሰዓቱን ከፍ ማድረግም በዚህ ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስን (ፕሮሰሰሩን ከሌሎች ክፍሎች ጋር የሚያገናኘውን መስመር) አብሮ ስለሚያንቀሳቅስ፣ ጭማሪው ከጥቂት በመቶ ሲያልፍ ማሽኑ መረጋጋት ያጣል። 3 በመቶ ቢሳካ እንኳ 3.3 የነበረው 3.4 ቢሆን ነው፤ የዴል ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳውና መሠረታዊ ቅንብሩን የያዘው ፕሮግራም) ደግሞ ለዚህ የሚሆን ማስተካከያ አያቀርብም። ኦቨርክሎክን የሚያወድሰው ምክር በአብዛኛው የመጣው ከቀድሞዎቹ የኢንቴል ኮር 2 ኳድ ፕሮሰሰሮች ዘመን ነው፤ ያኔ ኪው6600ን የመሰለ ፕሮሰሰር መነሻ ሰዓቱ ከ266 ወደ 333 ሜጋኸርዝ ሲወጣለት ከ2.4 ወደ 3.0 ጊጋኸርዝ ይዘል ነበር። ያንን ውጤት ከ9020 መጠበቅ ገንዘብንም ጊዜንም ያባክናል።

«እንግዲያው ማባዣው ያልተቆለፈውን 4790ኬ ዴሉ ላይ ልግጠመው» የሚል ገዢም አለ። ሆኖም የ9020 ቺፕሴት (በማዘርቦርዱ ላይ የክፍሎቹን ሥራ የሚያስተባብረው ቺፕ) ኪው87 ነው፤ ኢንቴል ለኦቨርክሎክ የመደበው ዜድ87ንና ተከታዩን ዜድ97ን ነው። ስለዚህ ገዢው የሚያገኘው ከ4.0 እስከ 4.4 ያለውን የፋብሪካ ፍጥነት ብቻ ሲሆን፣ ለማይጠቀምበት ክፍት ማባዣ ግን ይከፍላል። ማባዣው ቢከፈትለት እንኳ ሙቀቱን ማሰብ ያስፈልጋል፤ የኃይል ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ስለሚያድግ፣ ሁለቱም በ10 በመቶ ሲጨምሩ ፍጆታው በ33 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ባለ 255 ዋት ፓወር ሰፕላይና ጠባብ ኬዝ ላለው ትንሹ 9020 ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

አይ7-4790 እንደ 4590 ሁሉ የ84 ዋት ፕሮሰሰር ስለሆነና በዚያው 1150 ሶኬት ላይ ስለሚገባ፣ ማራገቢያውንም ሆነ ፓወር ሰፕላዩን መቀየር አይጠይቅም። 4 ኮሮቹ 8 ትሬድ (የሥራ መስመር) በአንድ ጊዜ ያስኬዳሉ፤ ፍጥነቱም ከ3.6 እስከ 4.0 ነው። ልዩነቱ ቪዲዮ ለሚያቀናብርና የሦስት አውታር ምስል ለሚሠራ ሰው በግልጽ ይታያል። ደብዳቤ ለሚጽፍና ኢንተርኔት ለሚጠቀም ግን አይታይም፤ እንዲህ ያለው ሰው ኮምፒውተሩ ሲንቀረፈፍበት ታስክ ማናጀርን ከፍቶ ይመልከት። ፕሮሰሰሩ 20 ወይም 30 በመቶ ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 በመቶ ከሞላ፣ ጥፋቱ የሃርድ ዲስኩ ነውና መግዛት ያለበት ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ነው።

ሦስተኛው መንገድ እውነተኛ ኦቨርክሎክ የሚገኝበት ነው፤ ነገር ግን ከዴሉ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የ9020 ፓወር ሰፕላይ ከቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ8 ፒን ሲሆን የተለመደው ቦርድ 24 ፒን ስለሚፈልግ፣ ፓወር ሰፕላዩም ኬዙም እንደ አዲስ ይገዛሉ። ያን ያህል የሚያወጣ ሰው ስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያለው ያገለገለ ማሽን ቢፈልግ የተሻለ ነው እላለሁ፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ያበቃ ሲሆን፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ 4590ና 4790 ያሉበትን አራተኛውን ትውልድ በይፋ አይቀበልም።

4790 ለመግዛት የወሰነ ሰው ማሽኑ አሁን የያዘውን ፕሮሰሰር አስቀድሞ ያረጋግጥ። 4590 ከሆነ ባዮሱ የ2014ቱን ፕሮሰሰሮች ያውቃል፤ የ2013ቱ 4570 ከሆነ ግን አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነሳ ባዮሱን ማደስ ያስፈልጋል። በሁለቱም ሁኔታ የደረቀውን ተርማል ፔስት (ሙቀትን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፍ ቅባት) በአልኮል ጠርጎ አዲሱን በስሱ መቀባት ያስፈልጋል።