ጄሉ ያለቀበት ዳያፍራም

ዕቃው ጥሩ ነው። ይህን ቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ንዴቴ እንዳያስረሳኝ። ካናዳ ያለችው እኅቴ የላከችልኝ የሲሊኮን ዳያፍራም፣ ማለትም ከግንኙነት በፊት ወደ ውስጥ የሚገባው የእርግዝና መከላከያ፣ ከስንት ወራት አገልግሎት በኋላም አልተጣመመም፣ አልተቀደደም። የሦስት ወር የሆርሞን መርፌ በምወጋበት ጊዜ የወር አበባዬ እንዳሻው ሲመጣና ሲቀር፣ ራስ ምታቱም ሲያሠቃየኝ ከርሞ ነበር። አሁን ያ ሁሉ የለም።

ያናደደኝ ጄሉ ነው። ዳያፍራም ብቻውን አይበቃም። የማህፀንን አፍ ይሸፍናል፤ በጠርዙ በኩል ሾልኮ የሚያልፈውን የወንድ ዘር የሚያስቆመው ግን አብሮት የሚቀባው ጄል ነው። ግንኙነት በተደገመ ቁጥር ጄል ይጨመራል፤ ከመጨረሻው በኋላም ዕቃው ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይወጣ ይቆያል፣ ከ24 ሰዓት ግን ማለፍ የለበትም። ይህን ሁሉ እየጠበቅሁ ሳለ ቱቦው አለቀ።

እዚህ ጅማ ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች ዞርኩ። አንዱ ማለስለሻ አውጥቶ «ያው ጄል ነው» አለኝ። ያው አይደለም፣ ወንድሜ! ማለስለሻ የወንድ ዘር አያስቆምም፤ ሲሊኮን ያለበት ከሆነ ጭራሽ ዕቃዬን ያበላሽብኛል። ሌላው ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ «ለምን መርፌውን አትወጊም?» ብሎ ጮኸ። ሦስተኛዋ ደግሞ በትሕትና ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠውን ክኒን አቀረበችልኝ። እኔ ከሆርሞን የሸሸሁ ሴት! ዳያፍራሙን ብቻ ለሴት መስጠት ጀበና ሰጥቶ ቡና መንፈግ ነው፤ ያውም ጅማ ላይ።

«እንግዲያው ማህፀንሽ ውስጥ ሉፕ አስገቢ፣ የመዳቡ ሆርሞን የለውም» የሚለኝ ነጋዴ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አውቄ ነው የተውኩት፤ የወር አበባዬ ድሮም ብዙ ነው፣ የመዳቡ ሉፕ ደግሞ ሊያበዛው ይችላል። «በኢንተርኔት እዘዢ» ለሚለኝም፦ ገንዘቡን በምን ልክፈል? ጉምሩክስ የማን ነው?

እስከዚያው ባለቤቴ ኮንዶም ይጠቀማል። አፉ ምንም ባይናገር ፊቱ ይናገራል። ቢሆንም ኮንዶሙን ተው አላልኩትም፤ ጄሉ ኖሮ እንኳ ሰው ዳያፍራሙን በተለመደው አኳኋን ሲጠቀምበት በዓመት ከ100 ሴቶች ወደ 17 የሚሆኑት ያረግዛሉ፣ ያለ ጄል ልሞክረው እንዴ? ዳያፍራም ከኤችአይቪም አይከላከልም፤ በፍቅር ጓደኛዋ የማትተማመን ሴት ኮንዶሙን አትተው።

ዳያፍራሙን ለማንም አልሰጥም፣ ወደ መርፌውም አልመለስም። ልትገዙ ያሰባችሁ እኅቶቼ ግን አስቀድማችሁ ጄሉን በየጊዜው የሚያመጣላችሁ ሰው ፈልጉ። ሲልክላችሁም ቱቦው ላይ ያለውን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አይቶ ይላክ፤ እኔ ባለፈው የደረሰኝ የቀረው 2 ወር ብቻ ነበር።