ቪዚቴክት ሲዲ4፦ ለደቅ ደሴት ይሆናል፣ ኤችአይቪን ያለ መድኃኒት ለሚቆጣጠር ሰው ግን አይሆንም

ቪዚቴክት ማሽን የማይፈልግ፣ መብራት የማይፈልግ የሲዲ4 (ኤችአይቪ የሚያጠቃቸው የመከላከያ ሕዋሶች) መመርመሪያ ካሴት ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ደቅ ወይም ወደ ዘጌ ለሚሻገር ባለሙያ ይህ ብቻውን ያስመርጠዋል። ማስቀመጫው ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ስለሆነ ግን ካርቶኑ በመጋቢት ፀሐይ ላይ ተጥሎ አይሄድም፤ ከጥላ ሥር ይቀመጥ።

አሠራሩ ሰዓት ጠባቂ ይፈልጋል። 30 ማይክሮሊትር ደም በመጀመሪያው ጉድጓድ ይጨመራል፤ በ3 ደቂቃው እዚያው 1 ጠብታ ቡፈር (የምርመራው ፈሳሽ)፤ 17 ደቂቃ ቆይቶ በሁለተኛው ጉድጓድ 3 ጠብታ፤ ከዚያ 20 ደቂቃ። ወረፋ በበዛበት ክፍል 17ቷ ደቂቃ ትረሳለች፣ ስለዚህ ስልክ ላይ ማንቂያ ይሞላ። ጣት እየተጨመቀ የወጣ ደምም ይቀጥናል፤ ውጤቱን ያለ አግባብ ዝቅ ያደርገዋል።

የታካሚው መስመር ከ200ው ማነጻጸሪያ መስመር ከደመቀ ሲዲ4ው በማይክሮሊትር ደም ከ200 በላይ ነው፤ እኩል ከሆነ ወይም ከፈዘዘ ከ200 በታች ተብሎ ይያዛል። በታች ከሆነ የክሪፕቶኮከስ (አንጎልን የሚያጠቃ ፈንገስ) እና የቲቢ ምርመራ ይከተላል። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነው።

የሚያሳስተው «ቫይረሱ ያለ መድኃኒት ተኝቶልኛል» የሚል ሰው ሲመጣ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በእርግጥ አሉ፣ ከመቶ አንድ ባይሞሉም፤ ቫይረሳቸው በሚሊሊትር ደም ከ50 ቅጂ በታች ይቆያል፤ ተቆጣጣሪዎች ይባላሉ። ሲዲ8 የተባሉ የመከላከያ ሕዋሶቻቸው የተበከለውን ሕዋስ አሳድደው ይገድላሉ፤ ኤችኤልኤ-ቢ57 የተባለው የዘር ዓይነት በእነሱ ዘንድ በዝቶ ይገኛል። መድኃኒት ባልጀመረ ሌላ ታካሚ ላይ እነዚሁ ሕዋሶች ዘወትር ሲቀሰቀሱ ይዝላሉ፤ የመዛሉ ምልክት የሆነው ፒዲ-1 በላያቸው ይበዛል። ተቆጣጣሪዎቹ ከዚህ መዛል በብዙ ይተርፋሉ፤ ከመቀስቀሱ ግን ሙሉ በሙሉ አያመልጡም። የመቀስቀሱ ምልክቶች የሆኑት ሲዲ38 እና ኤችኤልኤ-ዲአር ቫይረሱ ከሌለበት ሰው በላይ ሆነው ይታያሉ፤ አንዳንዱም ቫይረሱ ሳይታይ ሲዲ4ው ቀስ በቀስ ይወርዳል።

ሲዲ4ው ከ800 ወደ 400 ቢወርድ ሁለቱም ከ200 በላይ ስለሆኑ ካሴቱ ያው ደማቅ መስመር ነው የሚያሳየው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቁጥር የሚሰጥ ማሽንና የቫይረስ መጠን ምርመራ ያስፈልጋል፤ የኋለኛው ባሕር ዳር ባለው የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ ይሠራል። መቀስቀሱንና መዛሉን የሚለየው ፍሎው ሳይቶሜትር (ሕዋሶችን በላያቸው ባለው ምልክት የሚለይ ማሽን) ነው፤ እሱም የምርምር ሥራ እንጂ የዕለት ተዕለት ምርመራ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲዲ4 ምንም ይሁን ምን ሕክምና ይጀመር ስለሚል፣ የደመቀ መስመር መድኃኒት ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም።