«ሺማኖ ነው» ስላሏችሁ ብቻ ሳይክል አትግዙ

የድሬ ልጆች፣ ያገለገለ ባለማርሽ ሳይክል ለመግዛት ብር እያጠራቀማችሁ ከሆነ ይህን ሳታነቡ ገንዘባችሁን አታውጡ።

ባለፈው ወር ለታናሽ ወንድሜ አንድ ገዛሁለት። ሻጩ ከኋላ ያለውን ማርሽ እያሳየ «ሺማኖ ነው፣ ኦሪጅናል» አለኝ፤ ሺማኖ ታዋቂ የሳይክል ዕቃ አምራች ነው። ጽሑፉን በዓይኔ አየሁት፤ እውነትም ሺማኖ ነው። 18 ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁ።

ከሳቢያን ከዚራ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምንም አላወቅንም። ልጁ ማርሽ መቀየር አላስፈለገውም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከጓደኞቹ ጋር ወደ ደንገጎ ወጣ። ዳገቱ ላይ ማርሽ ሊያቀል አንዴ ሲጫን ሰንሰለቱ ከኋላ ከተደረደሩት ክብ ጥርሶች አንዱን ያልፍና ከሚቀጥለው ሳይደርስ መሀል ላይ ይንቋቋል። ብድግ ብሎ ሲረግጥ ሰንሰለቱ አመለጠ፣ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ። አቦ፣ ያ መንገድ እኮ ከባድ መኪና የሚመላለስበት ነው! ሲደውልልኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መካኒኩ ሲያስተካክለው ዋለ። ትንሹ ጥርስ ላይ ሲስማማ ትልቁ ላይ ይበላሻል፣ ትልቁን ሲያስተካክል ትንሹ ይበላሻል። በመጨረሻ እጀታው ላይ ያለውን መቀየሪያ በጨርቅ ጠራርጎ አሳየኝ። «ስራም» ይላል፤ ሌላ የሳይክል ዕቃ አምራች ነው። የኋላው ሺማኖ፣ የእጁ ስራም።

ሁለቱም ጥሩ ዕቃ ናቸው፣ ሁለቱም ባለ 9 ናቸው፣ ማለትም ለዘጠኝ የኋላ ጥርስ የተሠሩ። ግን አይግባቡም። የእጁ መቀየሪያ አንዴ ሲጫኑት ሽቦውን የተወሰነ ያህል ይስባል። የሺማኖ ባለ 9 የሚስበው 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የስራም ግን 4 ገደማ። ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚወስደው የሺማኖው የኋላ ዕቃ ደግሞ ትንሽ የሽቦ ስበት እንዲበቃው ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ በስራም ሲሳብ አንድ ተኩል ጥርስ ያህል ይሄዳል። ይህን ብሎን በማጥበቅ የሚያስተካክለው መካኒክ የለም። ስራም ራሱ ለሺማኖ እንዲስማሙ ብሎ የሠራቸው መቀየሪያዎች አሉ፤ የእኔ ከእነሱ አልነበረም።

ስም አንድ መሆኑም ብቻውን አያድንም። የሺማኖ ባለ 9 መቀየሪያ ከሺማኖ ባለ 10 የማውንቴን (የተራራ) ሳይክል የኋላ ማርሽ ጋር አይሠራም። ጎማም እንዲሁ ነው። «28 ነው» ይሏችኋል፤ 28 ከሚባሉት ውስጥ ጎማው የሚያርፍበት የቸርኬ ዲያሜትር 622 ሚሊ ሜትር የሆነም አለ፣ የድሮው 635ም አለ። አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም። የጎማው ጎን ላይ ከሰረዝ ቀጥሎ የተጻፈውን ሦስት ዲጂት ቁጥር ከቸርኬው ጋር አስተያዩ።

ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሻጩ የኋላውን ጎማ ከመሬት ከፍ አድርጎ ይያዝላችሁ። ፔዳሉን በእጃችሁ እያዞራችሁ ማርሹን አንድ በአንድ ቀይሩ፣ እስከ ትልቁ ጥርስ ወጥታችሁ እስከ ትንሹ ውረዱ። አንድ ጫን፣ አንድ ጥርስ። ከዘለለ ወይም ከተንቋቋ ተዉት። «ትንሽ ሰርቪስ ነው የሚፈልገው» ቢሏችሁ አትስሙ፤ እኔንም እንደዚያ ብለውኛል። ስመልስለት ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለ።

መካኒኩ ያገለገለ የሺማኖ ባለ 9 መቀየሪያ ፈልጎ ገጠመልን፣ አሁን በትክክል ይሠራል። በቅርብ የገዛችሁ ካላችሁ ልጆቹ ዳገት ይዘውት ከመውጣታቸው በፊት ዛሬውኑ የእጁንና የኋላውን ጽሑፍ አመሳክሩ።